እናቴ በስውር የወለወለችው አሉሚኒየም

እናቴ ከክርስትና አባቴ ጋር እንደምትማግጥ የደረስኩበት በአሥር ዓመቴ ነው። ማስረጃዬ የጠቆረ ጨርቅ ነበር።

ጨርቁን ያገኘሁት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። ከአባቴ አሮጌ ካናቲራ የተቀደደ፣ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ፣ መሐሉ ከሰል የመሰለ። እኛ ቤት ነጭ ጨርቅን እንደዚያ የሚያጠቁር አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቴ መኪና አሉሚኒየም። እናቴ ደግሞ መኪናዋን አትነካም። ማንም አይነካም።

መኪናዋ የ1964 ኢምፓላ ናት፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። አባቴ ከአንድ ሽማግሌ እርሻ ዳር ሲያገኛት ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ነበር። አራት ዓመት ፈጀችበት። ሞተሯንና ወንበሯን ሲሠራ ሰዎች ረድተውታል። በሁለቱ ጎኖቿ ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት የሚሄዱትን የአሉሚኒየም ክፈፎች ግን ማንንም አላስነካም። አንድ በአንድ ፈታቸው፤ ያረጀ ሽፋናቸውን አስለቀቀ፤ የተሰረጎደውን ከጀርባ በትንሽ የእንጨት መዶሻ እየመታ አወጣ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ፊቱ እስኪታየው ድረስ ወለወላቸው።

“ክሮም ቻይ ነው” ይለኝ ነበር። “አሉሚኒየም ግን ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ እንደ ሕፃን ቆዳ ነው። ለሁለት ሳምንት ብትረሺው አኩርፎ ይጠብቅሻል።”

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የክፈፎቹ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ሳሙና የተንጠባጠበበት ለብ ያለ ውሃ። ከዚያ ማድረቅ። ከዚያ በጨርቅ ጫፍ ትንሽ የማወልወያ ቅባት፣ በርዝመቱ ቀጥ አድርጎ እንጂ አዙሮ አይደለም። ጨርቁ ወዲያው ይጠቁራል። ቅባቱ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይነሣል፤ ከደረቀ እንደ ፈሰሰ ወተት ነጭ ሆኖ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ለአባቴ ሱሪ ሳይታጠቁ ቤተ ክርስቲያን እንደመሄድ ያለ ነውር ነበር። በመጨረሻ ሰም። የእናቴ እህት ቤኒና አንድ ጊዜ ልትረዳው ብላ የመስኮት ማጽጃ ይዛ ብትመጣ ሽጉጥ የተደገነበት ያህል ጮኸ።

“በርቺ ቤኒና! የምድጃ ማጽጃም ጓዳ አለልሽ፣ እሱንም ጨምሪበትና አንደኛችንን እንገላገል!”

አባቴ ደልፊኖ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በየጠዋቱ ተራራው ወገብ ላይ ካለችው መንደራችን ተነሥቶ፣ በየጠመዝማዛው ልጅ እየለቀመ ትምህርት ቤቱ ወዳለባት ወደ ቺማዮ ይወርዳል። እኔም ከኋላው ሁለተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ክርስትና አባቴ ፋኩንዶ ደግሞ የእነዚያው አውቶቡሶች መካኒክ ነው። ሚስት የለውም፤ ቅዳሴ አይገባም፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ በሚወጣው ሰው ላይ ይቀልዳል። እኔን ክርስትና ያነሣው የአባቴ የልብ ጓደኛ ስለሆነ ብቻ ነው። እሱና እናቴ “አበልጄ” ይባባላሉ። አበልጅና አበልጅ እንደ ወንድምና እህት መሆናቸውን አያቴ አስተምራኛለች፤ በመካከላቸው ሌላ ነገር ቢኖር ሲኦል እንደሚያስገባም ጭምር።

ጨርቁን ያገኘሁ ዕለት ለማንም አልተናገርኩም። መከታተል ጀመርኩ።

በጾሙ ወራት አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት ከመንደሩ የጸሎት ማኅበር ወንዶች ጋር ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል። እኔ አክስቴ ቤኒና ቤት እላካለሁ፤ እሷ ቴሌቪዥን አላት፤ የፖሊስ ፊልም እናያለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከአክስቴ ቤት ወጣሁ፤ በአጥሩ ዞሬ መጣሁ። የፋኩንዶ ፒካፕ ከቤታችን ጀርባ ቆሟል። ከፊት ለፊት ቦታ ሞልቶ፣ ከጀርባ። የጋራዡ እንጨት ስንጥቅ ላይ ዓይኔን ለጠፍኩ።

እናቴ ከመኪናዋ ጎን ተንበርክካለች። ፋኩንዶ አጠገቧ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

“እዚህም አለ” አለች እናቴ።

“ከኋላም አለ፤ ከመብራቱ ሥር።”

“እሱ አላወቀም።”

“ሊንዳ፣ እስከ መቼ ነው የምንደብቀው?”

“ትምህርት ቤት እስኪዘጋ። ሁለት ወር እኮ ነው አበልጄ። ሲዘጋ ቀስ ብዬ እኔው እነግረዋለሁ።”

“ከዚያ በፊት ካወቀስ?”

“ካወቀማ ይሞትብኛል።”

ፋኩንዶ በረጅሙ ተነፈሰ፤ መዳፉን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። እሷም አላወረደችውም። ጨርቋን አጥፋ ክፈፉን መወልወል ቀጠለች።

የፖሊሱ ፊልም ሌቦች ከመሄዳቸው በፊት የነኩትን ሁሉ ይጠርጋሉ። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ፋኩንዶ መኪናዋን ይነካል፤ እናቴ የጣቱን ምልክት ታጠፋለች፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጥለውን ይሄዳሉ። ዛሬ ያንን ስንጥቅ ሳስብ የሚታየኝ የእናቴ ጉልበት ነው፤ አፈር ላይ ተንበርክካ፣ ቀሚሷን እንኳ ሳታነጥፍበት። ከወዳጇ ጋር የተገናኘች ሴት እንደዚያ አትንበረከክም። ያኔ ግን ያየሁት ትከሻዋ ላይ ያረፈውን እጅ ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ ወጥመድ አበጀሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ጨርሶ ሲገባ ከኋላ መብራቱ ሥር የጥፍሬን ያህል ቅባት ለጥፌ ተውኩ። ሲመሽ ባየው የለም።

በነጋታው እሑድ እንደ ልማዱ ወንዶቹ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋን ከበቡ። አባቴን ማየት በዚያች ሰዓት ነበር፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ።

“ደልፊኖ፣ መስተዋቴን ረስቼ ነው፣ ፊቴን ልላጭባት?” አለ አንዱ።

“ፊትህን ካየች ትሰነጠቃለች” አለ አባቴ። “እስቲ አንዲት ነጥብ ካያችሁ አሳዩኝ። አንዲት! ፋኩንዶ፣ ያንተን ምላስ ነው የምጠብቀው።”

ሁሉም ወደ ፋኩንዶ ዞሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ “ዶሮ ዶሮ ትላለች” ይላል። ያን ቀን ግን እናቴን አየ።

“ምንም የላት” አለ። ሲጋራውን ረገጠ።

አባቴ የሆነ ሸክም የወረደለት ሰው መሰለ። እስከ ቤት ድረስ እያፏጨ ነዳ። እኔ ግን ከኋላ ወንበር የእናቴን ማጅራት እያየሁ፣ ይህ ሞኝ አባቴ ብዬ አለቀስኩለት።

ከዚያ በኋላ አባቴም የጠረጠረ መሰለኝ። ምልክቶቹ በዙ። ጨው አቀብለኝ ሲባል ስኳሩን ያነሣል። ጋዜጣውን ገልጦ ገጹን ሳያዞር ይቀመጣል። አንድ ማለዳ ወፍጮው አጠገብ ሁልጊዜ የሚጠብቀውን ትንሹን የማርቲኔዞችን ልጅ አልፎት ሄደ። ልጁ ግራጫ ጃኬቱን ለብሶ ከግራጫው ግንብ ፊት ቆሞ ነበር። “ዶን ደልፊኖ! ዶን ደልፊኖ!” እያለ በኋላችን ሲሮጥ አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ፍሬኑን ረገጠ። በመስተዋቱ አየሁት፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

“ፀሐይዋ ናት” አለ። “ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች።”

ደመናማ ቀን ነበር። ያዘነ ሰው ልቡ እዚህ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። እናቴን ጠላኋት።

የተናገርኩት የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በነጋታው እንደየዓመቱ ወደ ኤስፓኞላ ከተማ ወርደን፣ ዋናው ጎዳና ላይ ከሌሎቹ ያጌጡ መኪኖች ጋር በቀስታ ወዲያና ወዲህ ልንነዳ ነበር። እናቴ ወጥ ቤት የጾሙን የዳቦ ጣፋጭ፣ ካፒሮታዳ፣ እየሠራች ነው፤ የሚቃጠለው ስኳርና ቀረፋ እስከ ጋራዡ ይሸታል። አባቴ የግራውን ክፈፍ ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊዞር ሲል ጨርቁን ያዝኩት።

“አባዬ፣ እማዬ መኪናዋን ትነካለች።”

“ትንካ” አለ እየሳቀ። “ዛሬ ፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ምሕረት አድርጌላታለሁ።”

“ዛሬ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ። አንተ ጸሎት ስትሄድ ክርስትና አባቴ ይመጣል። ከጀርባ ነው የሚያቆመው። እዚህ ገብተው እማዬ ካንተ በኋላ ትወለውላለች።”

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። “ከእኔ በኋላ? ምኑን?”

“ምልክቱን።”

“የምን ምልክት?”

“ነጩን።”

“ምን ነጭ፣ ኦዲላ? እኔ ነጭ አልተውም።”

ጣቱን ይዤ አሳየሁት። አሁን በጨረሰው ክፈፍ ላይ፣ ከበሩ እጀታ በታች፣ አንድ ስንዝር የሚሆን የደረቀ ቅባት ነበር። ከሱ ወዲያ ሌላ። እኔ ግን ነጩን ሳየው አልገረመኝም፤ ቸኩሎ ነው ብዬ ነበር። አባቴ ጣቱን በነጩ ላይ ቀስ ብሎ አንሸራተተ። ጎንበስ አለ። ከዚያ እንደ ዶሮ አንገቱን ጠምዝዞ በዓይኑ ጥግ አየው። ቆየ።

“ስንት ቅዳሜ?”

“ጾም ከገባ ጀምሮ።”

“ሁሉንም?”

“ያየሁትን ሁሉንም።”

“እሑድ እሑድ… ፋኩንዶ ምንም የላት ሲል…”

“ይዋሻል” አልኩ። “ያውቃል።”

የውሃውን ባልዲ ደፍቶ ላዩ ተቀመጠ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ እንደተረሱ ዕቃዎች ተቀመጡ። ፈራሁ።

“አባዬ፣ አትግደለው” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየሁ፤ ዛሬ ድረስ ያቺን ቅጽበት ፊቱ ላይ ልጠቁም እችላለሁ። ከሆዱ ሳቅ ወጣ፤ መሐል ላይ ግን ሳቅ መሆኑን ተወ። እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

“እናትሽን ጥሪልኝ” አለ።

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። እኔ ውጭ ስንጥቄ ላይ ተመለስኩ። ጮኸ እንጂ አልመታትም።

“ሠላሳ አንድ ልጅ፣ ሊንዳ! ሠላሳ አንድ!”

“ልነግርህ ነበር… ሲዘጋ ልነግርህ…”

“እኔ እኮ በዚህ ነበር ራሴን የምፈትነው! እሱ ንጹሕ ከሆነ ዓይኔ ደኅና ነው እያልኩ! እናንተ ከኋላዬ…”

ሠላሳ አንድ ልጅ የሚለው ሲያስጨንቀኝ ዋለ። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። ሠላሳውን እናቴ ከየት አመጣቻቸው?

ከሰዓት ፋኩንዶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ፒካፑን ከፊት አቆመ። አባቴ ደጃፍ ወጥቶ ጠበቀው። ይገድለዋል ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ። የገደለው ግን የለም። ከኪሱ የአውቶቡሱን ቁልፍ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት፣ “አንተ እንኳ?” አለው፣ ወደ ቤት ገባ። ፋኩንዶ ቁልፉን እንደያዘ ግቢው መሐል ለረጅም ጊዜ ቆመ። ኤስፓኞላ አልወረድንም። ካፒሮታዳውን ማንም አልቀመሰውም። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሳችንን አንዲት የማላውቃት ሴት ነዳችው።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ገጣጥሜ ያገኘሁት ታሪክ እንዲህ ነው፤ አባቴ ሚስቱን ለማስቀረት የአውቶቡሱን ቁልፍ ለፋኩንዶ አስረከበ። ለእኔ አሳማኝ ነበር። አባቴ ይቅር ባይ፣ እናቴ ከዳተኛ፣ ፋኩንዶ ሌባ። በዚሁ አደግኩ።

አባቴ መኪናዋን አልነዳትም እንጂ አልተዋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ በጣቱ ጀርባ ይዳስሳል፤ የደረቀ ቅባት ይሻክራል፣ የተወለወለ ያንሸራትታል። “የት ቀረ?” ይለኛል። “ወደ ግራ፣ ሁለት ጣት” እለዋለሁ። ለምን እንደሚጠይቀኝ አውቅ ነበር? አዎ፤ የስኳር በሽታ እንዳለበትና ዓይኑን እየጎዳው መሆኑን በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነገሩኝ። ነገር ግን ሐዘን ያመጣበት በሽታ ነው ብዬ ያንንም በእናቴ መዝገብ ላይ ጨመርኩት።

ፋኩንዶ መምጣቱን አላቆመም። ለአባቴ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሥራ ያፈላለገለት እሱ ነው፤ ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሰዋል። ለልደቴ ብስክሌት አመጣልኝ፤ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ዝጎ አለቀ። በእኛ ልማድ ልጅ ሲያድግ የሚቀባውን ሜሮን ስቀባ ሊባርከኝ እጁን ሲያነሣ በሰው ሁሉ ፊት ዞር አልኩ። አንድ ቀን “ምን አደረግኩሽ፣ ልጄ?” አለኝ። “አንተ ታውቃለህ” አልኩት። እጁን አወረደ፤ ኮፍያውን አጠለቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አልበከርኪ ከተማ ውስጥ እሠራ ነበር። ልንጋባ ቀን የቆረጥን ሰው ነበረኝ፤ ኪሱን ስፈትሽ ሦስት ጊዜ ያዘኝና በሦስተኛው ሄደ። ቤት ስመጣ እናቴ ሳህን እያጠበች፣

“አንቺ እኮ ሰው አታምኚም” አለች። “ከማን እንደወረስሽው እንጃ።”

“ካንቺ” አልኳት። “ካንቺና ከፋኩንዶ።”

ሳህኑን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጨርቁን፣ ከጀርባ የቆመውን ፒካፕ፣ ትከሻዋ ላይ ያረፈውን እጅ። ሳቀች፤ ወንበር ይዛ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እሷም በተራዋ ነገረችኝ። አባቴ ነጥብ የማይተው ሰው ስለነበር፣ በጾሙ መግቢያ ክፈፉ ላይ ነጭ ስታይ ዓይኑ እንደሄደ ወዲያው አወቀች። ወንዶቹ እንዳይስቁበት ከኋላው ወለወለች። ፋኩንዶ እንናገር ሲላት ለምና አቆየችው።

“ጥሩ አላደረግሁም” አለች። “ያ የማርቲኔዞች ልጅ በየሌሊቱ በሕልሜ ይመጣ ነበር። ግን ለሱ ደግነት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሱ በክፈፉ ራሱን እንደሚፈትን በምን አውቃለሁ?”

“አባዬ እኔ ያሰብኩትን ያውቅ ነበር?”

“ከየት ያውቃል!”

እኔ ግን “አትግደለው” ያልኩትን አስታወስኩ።

አባቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ነበር፤ ያኔ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። አጠገቡ ቆምኩ።

“ያን ቀን ገብቶህ ነበር፣ አይደል? ስለ እማዬና ስለ ፋኩንዶ ምን እንዳሰብኩ።”

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

“ገብቶኝ ነበር” አለ።

“አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?”

“ሕፃን ናት፣ ትረሳዋለች አልኩ።” ጉልበቱን አሻሸ። “አልረሳሽም። ከዚያ ደግሞ… ኦዲላ፣ አንቺ እኔን ስታይኝ ሚስቱን ይቅር ያለ ትልቅ ሰው ነበር የምታዪው። እውነቱን ብነግርሽ ዓይኑ እየጠፋ ሠላሳ አንድ ልጅ በገደል ዳር የጫነ ሰው ነበር የምታዪው። አንቺም ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበርሽ።”

“ፋኩንዶ ሜሮን ስቀባ አብሮን ቆሞ…”

“አውቃለሁ።”

“ለምን ሰላም አትለኝም ብሎ አልጠየቀህም?”

“ጠይቆኛል። ዕድሜዋ ነው አልኩት።”

እንዲህ ያለ ቁጣ በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም። ክንዱን ይዤ አስነሣሁት፤ መኪናዋ ውስጥ አስገባሁት፤ ፋኩንዶ ቤት ድረስ አንድም ቃል ሳልናገር ነዳሁ። እሱም የት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ መንገዱን በመታጠፊያው ያውቀዋል።

ፋኩንዶ በሩን የከፈተው የመጥበሻ ማንኪያ እንደያዘ ነው። እኔን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

“ማን ሞተ?” አለ።

“ማንም” አልኩ። “ንገረው፣ አባዬ።”

አባቴ ደፉን ሳይሻገር፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተናገረ። አላሳጠረም፤ አላሳመረም። ፋኩንዶ “ከሊንዳ ጋር? እኔ?” አለ አንዴ። ከዚያ ሌላ አላቋረጠውም። ከኋላው መጥበሻው ላይ ያለው ድንች ማረር ጀመረ። አባቴ ሲጨርስ ፋኩንዶ ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቴ አየ። ሸምግሏል፤ ያን ያህል መሸምገሉን እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

“ክርስትና አባቴ…” ብዬ ጀመርኩ።

“አንቺ ግቢ” አለኝ። “አንተ ውጭ ጠብቅ።”

በሩን በአባቴ ፊት ዘጋው። ያረረውን ድንች ደፋ፤ ሌላ ቆራረጠ፤ እንቁላል ሰበረበት፤ ቀዩን የበርበሬ ወጥ አፈሰሰበት። አንድ ሳህን ከፊቴ አስቀመጠ፤ ትኩስ ቂጣ አጠፈልኝ። እያለቀስኩ በላሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ አልበከርኪ ቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ፣ መኪናዬ ዘይት ትበላ እንደሆነ። መለስኩለት። ሳህኑን ስጨርስ ሳይጠይቀኝ ደገመልኝ።

በመስኮቱ አባቴ ይታያል፤ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ በሩ ነው። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ አንሥቷል።

“ልጥራው?” አልኩ።

ፋኩንዶ በመስኮቱ አየው። ቡናውን ለራሱ ቀዳ፤ ለእኔም ጨመረልኝ።

“ይቀመጥ ገና” አለ።